የግል ተበዳይ ሲሆኑ፦ በዋግ ኽምራ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ካሳ

ዝቋላ ውስጥ ፍየሎቹ በሌሊት የተነዱበት ሰው፣ አስከተማ ገበያ ላይ ክንዱ በዱላ የተሰበረ ገበሬ፣ ድሃና ውስጥ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችባት እናት፣ ሦስቱም ሰቆጣ ሲደርሱ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «አሁን የማንን በር ልምታ?» ይህ ጽሑፍ በሮቹን በተራ ያሳያል።

አስቀድመው አንድ ነገር ይወቁ። በወንጀል ጉዳይ ከሳሹ እርስዎ አይደሉም። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሚከስሰውም በመንግሥት ስም ነው። እርስዎ መዝገቡ ላይ «የግል ተበዳይ» ተብለው ይጻፋሉ፤ ብዙ ጊዜም ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አንደኛው ይሆናሉ። ተከሳሹ ቢፈረድበት የሚታሰረው በመንግሥት ክስ ነው። የተሰበረው ክንድዎ፣ ለሕክምና ብለው የሸጡት በሬ፣ ሳይታረስ ያለፈው ማሳ ግን ራስዎ ካልጠየቁ በዚያ ፍርድ ውስጥ አይገኙም። በየችሎቱ በር ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ይኸው ነው፤ ሰው ምስክርነቱን ይሰጥና «ፍርዱ ወጥቷል» ሲባል ካሳውን ሊቀበል ይመጣል። ካሳ ያልጠየቀ ሰው የሚቀበለው የለም።

ከቤት ሲወጡ የሚይዙት ጥቂት ነው፦ መታወቂያ፣ አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ወረቀት የሚያስቀምጡበት ደህና ፌስታል። ደብተሩ ላይ የሄዱበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን ባለሙያ ስምና ኃላፊነት፣ የተሰጠዎትን ቀጠሮና የመዝገብ ቁጥር ይጻፉ። መጻፍ ካልቻሉ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይጻፍልዎ። አንድ ጊዜ ችሎት በር ላይ አንድ አዛውንት የሆስፒታል ደረሰኞቻቸውን ከባርኔጣቸው ውስጥ አውጥተው አሳዩኝ። ሦስት ወር በላብ ሲረጥቡና ሲደርቁ ቆይተው ጽሑፋቸው ጠፍቷል፤ የቀረው የማኅተሙ ሰማያዊ ክብ ብቻ ነበር። ደረሰኝ በተቀበሉበት ቀን ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፤ ስልክ ካለዎት ደግሞ ፎቶ ያንሡት።

1. መጀመሪያ ሕክምና፣ ግን ማስረጃውን ሳያጠቡ

የተጎዳ ሰው ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕክምና ነው። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይሁን ሰቆጣ የሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ የመጀመሪያው ሐኪም የሚጽፈው ነገር ኋላ ችሎት ላይ ትልቅ ክብደት አለው። ስለዚህ «ወደቅኩ» አይበሉ። በኀፍረት ወይም ነገሩ እንዳይሰፋ ብለው «በሬ ወጋኝ» ያስጻፉ ሰዎች ኋላ ክስ ሲመጣ የራሳቸው የሕክምና ካርድ ይመሰክርባቸዋል። ማን እንደመታዎት፣ በምን እንደመታዎትና መቼ እንደሆነ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ የካርድ ቁጥርዎንም ይያዙ።

ለሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ መጠበቅ የለብዎትም። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለፍርድ ቤት ለሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ ነው። ፖሊስ ለሆስፒታሉ ይጽፋል፣ ሆስፒታሉም ውጤቱን በማኅተም ለፖሊስ ይመልሳል። ቁስል ይድናል፣ እብጠት ይወርዳል። ደብዳቤው በሁለተኛው ሳምንት ከመጣ ሐኪሙ ያላየውን ነገር አይጽፍልዎትም፤ ስለዚህ ከቤተሰብ አንዱ በዚያው ቀን ወደ ፖሊስ ይሂድ።

መደፈር ከሆነ ሰዓቱ ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ መጠንም ይበልጥ ይሠራል። የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። ልጅቱ ከመመርመሯ በፊት አትታጠብ፣ ልብሷን አትቀይር። ቀይራ ከሆነ ልብሱ አይታጠብ። እርጥብ ከሆነ በጥላ ደርቆ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል፤ በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል፣ ምልክቱም ይጠፋል። እናቶች መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጠብ ነው። ከፍቅር የመጣ ነገር ስለሆነ ማንም አይወቅሳቸውም፤ ቢሆንም ጎረቤት ይህን ቀድሞ ቢያውቅና ቢነግራቸው መልካም ነው።

እርግዝና ተፈጥሮ ከሆነ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት ከመደፈር የመጣን ጽንስ በጤና ተቋም ማቋረጥ አያስቀጣም። የሴቲቱ ቃልም ብቻውን በቂ ነው፤ አንቀጽ 552 እንደዚያ ይላል። የፍርድ ቤት ውሳኔም ሆነ የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስርቆት ከሆነ የተሰበረውን ቁልፍና የተፈታውን በረት ፖሊስ እስኪያየው አይንኩት። ዱካ በእግር የመከተል ችሎታ ዋግ ውስጥ ሞልቷል፤ ዱካው የት እንደጠፋና አብረው የተከተሉት እነማን እንደነበሩ ይመዝግቡ፤ ጥሩ ምስክሮች የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

2. ፖሊስ ጣቢያ ቃል መስጠት

ለቀበሌው ሊቀመንበርና ለሚሊሻው መንገር ጥሩ ነው፤ የምርመራ መዝገብ የሚከፈተው ግን ፖሊስ ዘንድ ነው። «ለቀበሌ አመልክቻለሁ» ብለው የተቀመጡ ሰዎች መዝገብ እንዳልተከፈተላቸው የሚያውቁት ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ወንጀል መፈጸሙን ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። አቤቱታውን የተቀበለው ፖሊስ በጽሑፍ ያሰፍረዋል፣ ለአመልካቹ ያነብለታል፣ ከዚያም ቀን ተጽፎበት ይፈረማል። ሳይነበብልዎ አይፈርሙ። አማርኛ የማይቀናዎት ከሆነ በኽምጣኛ ይናገሩ፤ ያንን የሚጽፍ ወይም የሚያስተረጉም ሰው እንዲመጣም ይጠይቁ። በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ቃል ከሁለት ዓመት በኋላ የተከሳሽ ጠበቃ እጅ ላይ ይገኛል፤ «ያኔ እንዲህ ብለሃል፣ ዛሬ ለምን ለወጥከው?» ብሎ የሚጠይቅዎም እሱ ነው።

ሲናገሩ ያዩትን ከሰሙት ይለዩ። «ገብሬ እንደነገረኝ» እና «በዓይኔ እንዳየሁት» አንድ ላይ ሲታሹ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ጨለማ ከነበረ «ጨለማ ነበር፣ በድምፁ ነው የለየሁት» ይበሉ።

ሁለት ልማዶች ብዙ ጉዳይ ያበላሻሉ። አንደኛው ማጋነን ነው፤ ስድስት ፍየል የጠፋበት ሰው «ግማሹን እንኳ ባገኝ» ብሎ አሥራ ሁለት ያስመዘግባል። ሁለተኛው ይብሳል፤ የመታው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ አባቱን፣ ወንድሙንና አጎቱን አብሮ ማስጻፍ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ሲታሰር ቶሎ ይታረቃል ተብሎ ነው የሚደረገው። አጎቱ በዚያ ቀን ኮረም ገበያ እንደነበረ ምስክር ሲያቀርብ በእውነተኛው መቺ ላይ የሰጡት ቃልም አብሮ ይወድቃል። ንጹሕ ሰውን አውቆ በሐሰት መወንጀል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ቀላል የአካል ጉዳትን፣ ስድብን የመሳሰሉ ጥቂት ወንጀሎች የሚያስከስሱት የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ጊዜያቸውም አድራጊውንና አድራጎቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ነው። «ሽምግልናው ይለቅና» እየተባለ የሚያልፈው በአብዛኛው ይህ ጊዜ ነው። ግድያ፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ መድፈርና ጠለፋ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ እነሱን ዐቃቤ ሕግ ያለ እርስዎ አቤቱታም ይከስሳል።

ከጣቢያው ሳይወጡ የምርመራ መዝገብ ቁጥሩን፣ የመርማሪውን ስምና የሚመለሱበትን ቀን ይያዙ። ቁጥር ያለው ሰው ሲመለስ «የኔ መዝገብ የት ደረሰ?» ይላል። ቁጥር የሌለው ግን ታሪኩን እንደገና ይጀምራል።

3. ምስክርና ዕድሜ

ምስክሮችዎን ሙሉ ስማቸውን፣ ቀበሌና ጎጣቸውን፣ ካላቸውም ስልካቸውን ጭምር ያስመዝግቡ። ሰው ለሥራ ወደ ሑመራና መተማ ይወርዳል፤ መጥሪያው ሲሄድ «የለም» ከተባለ ቀጠሮው ይተላለፋል። ምስክር ከቀዬው ሊወጣ ሲል አስቀድመው ለዐቃቤ ሕጉ ይንገሩ። ምስክር ማስጠናት ግን አይሞክሩ፤ ሦስት ሰው ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሲናገር ዳኛ ይጠረጥራል።

የተበደለችው ልጅ ከሆነች ዕድሜ የጉዳዩ ምሰሶ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 መሠረት ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከ13 እስከ 18 ባለው ዕድሜ ላይ፣ ኃይል ካልተፈጸመባት፣ የሚሠራው ግን አንቀጽ 626 ነው፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው። ተከሳሹ «18 ሞልቷታል» ማለቱ አይቀርም። የልደት የምስክር ወረቀት ከሌለ የክርስትና ካርዷን፣ የክትባት ካርዷን፣ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተመዘገበችበትን የትምህርት ቤት ማስረጃ ይሰብስቡ። የሆስፒታል የዕድሜ ምርመራ ግምት ነው፤ ዓመት ከፍና ዝቅ ይላል። በእናትየው አፍ «ያ ድርቅ በሆነ ዓመት ነው የወለድኳት» የሚለውም ይጠቅማል፤ ግን ከወረቀት ጋር ሲሆን ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት አበርገሌና ፃግብጂ ላይ የተበደሉ፣ ተፈናቅለውም ሰቆጣ የከረሙ ሰዎች «ጊዜው አልፏል» ሲባሉ ይሰማል። በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት በይርጋ አይታገድም፤ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ አይታለፍም። እንዲህ ያሉ በደሎችን የሚመለከተው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ከእርስዎ የሚጠበቀው የሆስፒታል ካርድዎንና የምስክሮችዎን ስም ሳይበታተኑ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

4. ሽማግሌ ሲመጣ

ይመጣል። ብዙ ጊዜም ከመጥሪያው ቀድሞ ይደርሳል፤ ማር ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቄስ ከፊት አስቀድሞ። ሽማግሌን ከበር መመለስ ነውር ነው፤ ብልህነትም አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ አንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር ነገ ወንድምዎ ደም ለመመለስ ጠመንጃ እንዳያነሣ የሚይዘው ያ ሽማግሌ ነው። ነገር ግን እርቅ አንድ ነገር ነው፣ ክስ ሌላ። ሁለቱን ሳይደባልቁ መሄድ ይችላሉ።

በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ጉዳይ በእርቅ ሊያልቅ ይችላል። ግድያ፣ ከባድ ጉዳት፣ መድፈርና ጠለፋ ላይ ግን ደም ቢደርቅም፣ ካሳ ቢከፈልም ክሱ የመንግሥት ስለሆነ አይቆምም። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቃሉ። ታዲያ ለምን ይመጣሉ? አንዱ ምክንያት ሰላም ነው፤ እውነተኛም ምክንያት ነው። ሌላው በግልጽ የማይነገረው ነው፦ ተከሳሹ መጸጸቱን፣ ተበዳዩን መርዳቱንና መካሱን ካስረዳ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱ ይቀልለታል። እርስዎ የፈረሙበት የእርቅ ወረቀት ችሎት ላይ የቅጣት ማቅለያ ሆኖ ይቀርባል። ይህን አውቀው ይታረቁ፤ የወረቀቱ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ ሰው በአንድ ሙክት ይሸጠዋል።

ወረቀቱ ላይ ሲፈርሙ እነዚህን ይመልከቱ። «ክሴን ትቻለሁ»፣ «አልመታኝም፣ በስሕተት ነው የከሰስኩት» የሚል ቃል ካለበት አይፈርሙ። የመጀመሪያው በከባድ ወንጀል ላይ ዋጋ የለውም፤ ሁለተኛው ግን ራስዎን ሐሰተኛ ያደርግዎታል። ብር ከተቀበሉ ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጻፍ፤ «ለሕክምና ወጪ ማካካሻ፣ 5,000 ብር» ዓይነት። «ለሁሉም ነገር» ተብሎ ከተጻፈ የቀረውን ካሳ መጠየቅ ያስቸግርዎታል። አንድ ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር።

ጠለፋ ላይ የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ልጅቷን ለጠላፊዋ ድሮ ለማስታረቅ የሚመጣ ሽማግሌ ቡና ጠጥቶ ይሂድ። አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳር ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ወላጅም ይጠየቅበታል። እንዲህ ያለ ግፊት ሲበረታ የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጥሩ። ልጅቷን የሚያስጠጋት ዘመድ ሌላ ቀበሌ ካለ እስከ ፍርዱ እዚያ ትቆይ።

5. ዐቃቤ ሕግ ዘንድ

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ይሰጣል፤ አለዚያም በዋስ ይለቅቀዋል። ስለዚህ ሰውዬው በሳምንቱ ገበያ ላይ ቢታይ አይደንግጡ። በዋስ መውጣት ነፃ መውጣት አይደለም፤ መዝገቡ አልተዘጋም።

ዋስትናውን ለመቃወም የሚረዳ ነገር ካለዎት ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ለዐቃቤ ሕጉ ይንገሩ። «ክፉ ሰው ነው» ማለት አያግዝም። «ባለፈው ረቡዕ ማታ ወንድሙ እቤቴ መጥቶ ‹ብትመሰክር ቤትህን አቃጥላለሁ› አለኝ፣ እከሌና እከሌ ሰምተዋል» ማለት ያግዛል። ምክንያቱም ምስክር ያስፈራራል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ የሚገመት ሰው ዋስትና ሊከለከል ይችላል። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ደግሞ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ የመኖሪያ ቦታ መለወጥን፣ ማንነት መደበቅን፣ ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን ይፈቅዳል። ጥበቃ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ፖሊስ መዝገቡን አጠናቆ ሲልክ ዐቃቤ ሕጉ በ15 ቀን ውስጥ ክስ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ዐቃቤ ሕጉ ወዳለበት ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄደው የመዝገብ ቁጥርዎን ይንገሩና «ክስ ተመሥርቷል ወይ? የትኛው ፍርድ ቤት ሄደ? ቀጠሮው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። እንደ ወንጀሉ ክብደት ወረዳ ፍርድ ቤት ወይም የብሔረሰብ አስተዳደሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል።

«ማስረጃ ስለሌለ አያስከስስም» ከተባሉ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረን እምቢታ ይዘው የትም መሄድ አይችሉም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 44 መሠረት ውሳኔው በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ክስ እንዲያቀርብ ትእዛዝ ይሰጥልኝ ብለው ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ። በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ራስዎ እንዲከሱ ፈቃድ ይጻፍልዎታል፤ ወጪውና ኃላፊነቱ ግን የእርስዎ ነው። ለስድብ ጉዳይ ያን ያህል መድከም አዋጭ መስሎ አይታየኝም።

በዚህ ደረጃ ላይ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። ፎቶ ኮፒ ቤትና ሻይ ቤት አካባቢ አይጠፋም። ለፖሊስም ሆነ ለዐቃቤ ሕግ የሚከፈል ምንም ብር የለም።

6. የካሳ ማመልከቻ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 የተበደለ ሰው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። መቼ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 «ነገሩ መሰማት ሲጀምር» ነው የሚለው። ምስክር ተሰምቶ፣ መከላከያ ቀርቦ፣ ፍርድ ሊነበብ ሲል አይደለም። ስለዚህ ክሱ ፍርድ ቤት መድረሱን በሰሙበት ቀን ማመልከቻው ይዘጋጅ።

ማመልከቻው ገጽ አይሞላም። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስምና የወንጀል መዝገቡ ቁጥር። ቀጥሎ «አመልካች፦ የግል ተበዳይ እከሌ»፣ «ተጠሪ፦ ተከሳሽ እከሌ»። ከዚያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ምን እንደደረሰብዎ። ከዚያ ሒሳቡ። ሐምሌ ላይ ክንዱ የተሰበረ ገበሬ ሒሳቡን እንዲህ ሊያሰፍር ይችላል (ዋጋዎቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው)፦

ለሕክምናና ለመድኃኒት፣ በደረሰኝ — 4,350 ብር
ለትራንስፖርት፣ ለሁለት ሰው አራት ምልልስ፣ በነፍስ ወከፍ 400 — 3,200 ብር
ሥራ ለተፈታበት 45 ቀን፣ በቀን 300 — 13,500 ብር
ለኅሊና ጉዳት — 1,000 ብር
ድምር — 22,050 ብር

የመጨረሻዋን 1,000 ብር አይተው ይገረሙ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ ሲወጣ ያ ገንዘብ በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ዶሮም ላይገዛ ይችላል። ስለዚህ «በደሌ በገንዘብ አይለካም፣ ግማሽ ሚሊዮን ይገባኛል» ብሎ መጻፍ አያዋጣም። የሚያዋጣው የሚቆጠረውን መቁጠር ነው። ክንድዎ ተሰብሮ አራሽ ቀጥረው ከሆነ የከፈሉትን፣ ማሳዎን በእኩል ሰጥተው ከሆነ ያጡትን ድርሻ፣ ለሕክምና በሬ ሸጠው ከሆነ የገዛውን ሰው ስም ይጻፉ። ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ ሐኪሙ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ እንዲገልጽ ያስጠይቁ፤ የወደፊቱ ገቢ የሚሰላው ከዚያ ተነሥቶ ነው። የሞተ ሰው ከሆነ ባለቤቱ፣ ልጆቹና ወላጆቹ ያጡትን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ፤ የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃውን ቀደም ብለው ያውጡ፣ ይዘገያልና። በቁጥር ሊረጋገጥ የማይችል ጉዳት ላይ ዳኛው በርትዕ የመገመት ሥልጣን አለው፤ እርስዎ ግን መነሻ ቁጥር ይስጡት።

ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን እዚያው ላያይልዎ ይችላል። ተከሳሹ በሌለበት የሚታይ ከሆነ፣ ወጣት ጥፋተኛ ከሆነ፣ ወይም ካሳው ብዙ ተጨማሪ ምስክር የሚጠይቅና የወንጀሉን ነገር የሚያጓትት ከሆነ «በፍትሐ ብሔር ጠይቅ» ይባላሉ። ተሸነፍኩ ብለው አይመለሱ፤ የተዘጋው አንዱ በር ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሲከሱ የዳኝነት ክፍያ ማሟላት ካልቻሉ በደሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ፤ አቅም እንደሌለዎት የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ ይዘው ይሂዱ። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ምክር ይሰጣል።

ተከሳሹ ከብቱን ወደ ዘመድ እየነዳ እንደሆነ ከሰሙ ፍርዱን አይጠብቁ። ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲታገድ ማመልከት ይቻላል። የንብረቱን ዓይነት፣ ብዛትና ያለበትን ቦታ ዘርዝረው ያቅርቡ።

7. የምስክርነት ቀን

ከዋዜማው ሰቆጣ ይግቡ። በክረምት መንገድ በቀጠሮው ጧት የተነሣ ሰው የሚደርሰው ችሎቱ ከተነሣ በኋላ ነው። ተራዎን ሲጠብቁ ስለ ጉዳዩ ከሌሎች ምስክሮች ጋር አያውሩ። የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ፤ የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ይበሉ። ጠበቃው ሲያፋጥጥዎት የሚያናግሩት ዳኛውን ነው። አስተርጓሚው ያሉትን አሳጥሮ ሲናገር ከሰሙ እጅዎን አንሥተው «ያልኩት እሱን አይደለም» ይበሉ፤ ማንም አይቆጣዎትም።

የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ የምትመሰክር ከሆነ ችሎቱ በዝግ እንዲሆን ዐቃቤ ሕጉ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ያሳስቡ፤ ሕገ መንግሥቱ ይህን ይፈቅዳል። ከምትቀርባት አንዲት ሴት ጋር ትግባ። በየደጁ የሚጠብቀው የተከሳሹ ዘመድ ብዛት ብቻውን አንደበት ያስራል፤ የምትቀመጥበትን ሌላ ክፍል ቀድመው ይጠይቁ።

8. ከፍርድ በኋላ

የፍርዱን ግልባጭ ያውጡ። ተከሳሹ በነፃ ከተለቀቀ ይግባኝ ማለት የሚችለው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ ስላለበት በዚያው ሳምንት ሄደው ይወትውቱት። በነፃ መለቀቁ የካሳ ክስን አይዘጋም፤ የወንጀል ችሎቱ ካሳውን ሳይወስን ይተውና ወደ ፍትሐ ብሔር ይመራዎታል። ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ለካሳውም ያው ረዥሙ ይሠራል፤ ቢሆንም በሁለቱ ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ ከክርክር ያድናል።

ካሳ ከተፈረደልዎ ብሩ ራሱ እየተራመደ አይመጣም። የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ፤ መብቱ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። የገጠር መሬት አይሸጥም፣ የገበሬው የእርሻ መሣሪያም አይነካም። ስለዚህ ዓይንዎ ፍየሎቹና በጎቹ፣ የማር ቀፎዎቹ፣ የከተማ ቤት ካለው ቤቱ፣ የባንክ ሒሳብ ካለው ሒሳቡ ላይ ይሁን። ባለዕዳው ምንም ከሌለው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 መሠረት ከተወረሰ ዕቃ ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ላይ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱ ማዘዝ ይችላል፤ ይህንንም በማመልከቻ ይጠይቁ። ንብረት ለመቁጠር ከአፈጻጸም ሠራተኛው ጋር ሲሄዱ የቀበሌ ሰው አብሮ ይኑር። ፍየሎቹም ጧት ከበረት ሳይወጡ ይድረሱ፤ ከሰዓት ከሄዱ የሚቆጥሩት ባዶ በረት ነው።